ፎርማት ከማድረጋችሁ በፊት፤ ከጅማ የተጻፈ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ከስልክ ስልክ ሲዞር ቆይቶ እኔም ጋ ደረሰ። ስለ ኮምፒውተር አዘገጃጀትና ብልሽት አፈላለግ ነው። የተጻፈው ለባለሙያዎች ነው፤ ላብራቶሪ ለሚመሩ፣ ለመሐንዲሶች፣ ለሒሳብ ሠራተኞች፣ የቢሮ ኔትወርክ ለሚይዙ። የላከልኝ ልጅ እዚሁ ጅማ የአንድ መሥሪያ ቤት ኮምፒውተሮችን የሚከታተል ወጣት ነው። «ጋሼ፣ ይሄን እይልኝና ንገረኝ፤ ነገ ልጀምረው ነው» አለኝ።

አነበብኩት። ከዚያ ደወልኩለትና «ነገ ምንም እንዳትነካ» አልኩት። ለእሱ በስልክ የነገርኩትን ነው እዚህ ዘርዘር አድርጌ የምጽፈው።

ጸሐፊው ለመርዳት ብለው እንደጻፉ አልጠራጠርም። አጻጻፋቸውም ግልጽ ነው። ግን ምክሮቻቸው አንድ የጋራ ጠባይ አላቸው፤ ሳያዩ መንካት። እኔ ከአሥር ዓመት በላይ በጥገና ሥራ ስቆይ ብዙ ዳታ ሲጠፋ አይቻለሁ። አብዛኛውን ያጠፋው ማሽኑ አይደለም። ቸኩሎ የነካው ሰው ነው።

የመጀመሪያውና ዋናው ምክራቸው ይሄ ነው፦ «ኮምፒውተር ከተንቀራፈፈ ምክንያቱን በመፈለግ ጊዜ አታባክኑ። ፎርማት አድርጋችሁ ዊንዶውስ ጫኑ፤ በሁለት ሰዓት ትገላገላላችሁ።»

ፎርማት ማለት ዲስኩን ባዶ ማድረግ ነው። ዊንዶውሱ በሁለት ሰዓት ይጫናል፤ እውነት ነው። የሠራተኛው ሥራ ግን በሁለት ሰዓት አይመለስም። አንድ የገጠመኝን ልንገራችሁ። አንድ የቡና ነጋዴ ቢሮ ውስጥ የሒሳብ ክፍሉ ኮምፒውተር ተንቀራፈፈ። ጠጋኝ ተጠራ። ልጁ ዴስክቶፑንና ዶክመንትሱን ፍላሽ ላይ ገለበጠ፣ ፎርማት አደረገ፣ አዲስ ዊንዶውስ ጫነ። ማሽኑ ፈጠነ፤ ሁሉም ደስ አለው። በማግስቱ የሒሳብ ሠራተኛዋ ፒችትሪ የሚባለውን የሒሳብ ፕሮግራም ስትከፍት የድርጅቱ ስም የለም። የሦስት ዓመት ሒሳብ ሄዷል።

የፒችትሪ ዳታ ዶክመንትስ ውስጥ አይቀመጥም። ፕሮግራሙ ሲጫን ራሱ ሲ ድራይቭ ላይ በሚከፍተው ፎልደር ውስጥ ነው። የፕሮግራሙ ስም ወደ ሴጅ 50 ከተቀየረ ዓመታት ቢያልፉም እኛ አካባቢ ብዙ ቢሮ አሁንም በአሮጌው ይሠራል። ስለዚህ ይሄ ነገር ነገም ይደገማል። ያ ማሽን እኔ ጋ ሲመጣ በጠፋው ዳታ ላይ ዊንዶውስ፣ ኦፊስና አንቲቫይረስ ተጽፎበታል። ግማሹን እንኳ ማውጣት አልቻልኩም። ደረሰኞቹን ከካርቶን እያወጡ እንደገና ሲመዘግቡ ሁለት ወር ፈጀባቸው። ለካ ሠራተኛዋ ፋይል ከሚለው ሜኑ ገብታ ባክአፕ የሚለውን ብትነካ ሁሉም ነገር በአንዲት ፋይል ይወጣ ነበር።

ደግሞ ስሙት፤ ያ ማሽን በወሩ ተመልሶ ተንቀራፈፈ። ሃርድ ዲስኩ እየሞተ ነበር። ፈጣኑ ፎርማት ዲስኩን አይመረምረውም፤ አዲስ ማውጫ ጽፎ ብቻ ይወጣል። የተበላሸው ቦታ እንደተበላሸ ይቆያል። ፎርማት ያዳነ የሚመስለው አዲሱ ዊንዶውስ ባዶ ስለሆነ ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? መጀመሪያ ታስክ ማኔጀርን፣ ማሽኑ በምን እንደተያዘ የሚያሳየውን የዊንዶውስ መስኮት፣ ክፈቱ። ፕሮሰሰሩ፣ ራሙና ዲስኩ ስንት በመቶ ላይ እንዳሉ እዩ። ምንም ሥራ ሳትሠሩበት ዲስኩ 100 በመቶ ላይ ተሰቅሎ ከቀረ ትኩረታችሁ ወደ ዲስኩ ይሂድ። ዲስኮች የራሳቸውን ጤንነት ይመዘግባሉ፤ ስማርት ይባላል። ይህን የሚያነቡ ነጻ ፕሮግራሞች ሞልተዋል። በሃርድ ዲስክ ላይ እኔ ቀድሜ የማያቸው ሁለት መስመሮች አሉ፤ መለያ ቁጥር 5 እና መለያ ቁጥር 197። የመጀመሪያው ተበላሽተው በመጠባበቂያ የተተኩ ቦታዎችን ይቆጥራል። ሁለተኛው ለማንበብ እንቢ ያሉና ውሳኔ የሚጠብቁ ቦታዎችን ይቆጥራል። ጥሬ ቁጥራቸው ዜሮ መሆን አለበት። ዜሮ ካልሆነና በየሳምንቱ ከጨመረ ዲስኩን ለመሸኘት ተዘጋጁ። ይሄን ለማየት አምስት ደቂቃ ይበቃል።

ራሙ ከሞላ ፎርማት ራም አይጨምርም። ፕሮሰሰሩ ከጋለ ፎርማት አቧራ አይጠርግም። ቡና መፈልፈያና መጋዘን አካባቢ ያሉ ቢሮዎች ውስጥ ኬዙን ስከፍት ፋኑ ላይ የቡና ገለባ ብናኝ እንደ ጨርቅ ተነጥፎ አገኘዋለሁ። እሱን ጠርጎ ማጽዳት ብቻ ማሽኑን ሰው ያደርገዋል። በአየር ስትነፉት ፋኑን በጣት ያዙት፤ እንዲያው እንዲሽከረከር አትልቀቁት።

ፎርማት ስታደርጉ ሌላም የሚጠፋ ነገር አለ፤ ፊደላችን። ኢትዮጵያዊው ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ሁሉ በሚጋሩት የፊደላት ሠንጠረዥ ውስጥ፣ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊትም፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት የተጻፉ ደብዳቤዎች ግን በራሳቸው መንገድ በሚሠሩ የአማርኛ ፎንቶች ነው የተተየቡት። ፎንቱ ከሌለ ጽሑፉ ትርጉም የለሽ የላቲን ምልክት ሆኖ ይታያል። ጅማ ላይ ይሄ በደንብ ጎልቶ ይታያል። በአንድ ፎልደር ውስጥ ያለው የአፋን ኦሮሞ ደብዳቤ በቁቤ ስለተጻፈ ምንም አይሆንም፤ አጠገቡ ያለው የአማርኛው ግን ተበጣጥሶ ይወጣል። የቢሮው ጸሐፊ ፋይሉ የተበላሸ ይመስላትና ትሰርዘዋለች። አትሰርዙት! አልተበላሸም፤ ፎንቱ ነው የጎደለው። ፎርማት የግድ ከሆነ የፎንት ፎልደሩን አስቀድማችሁ ገልብጡ።

ፎርማት ፈጽሞ አይደረግ እያልኩ አይደለም። እኔም አደርጋለሁ። ግን መጨረሻ ላይ ነው፤ ዲስኩ ጤነኛ መሆኑን ካየሁ፣ ዳታው የት የት እንዳለ ከባለቤቱ ጋር ቁጭ ብዬ ከጻፍኩ፣ ከገለበጥኩና የገለበጥኩትን ሌላ ማሽን ላይ ከፍቼ ካየሁ በኋላ።

ፍላሽ ላይም ጸሐፊው ያንኑ ይላሉ፤ «ፋይሉ ከጠፋ በቫይረስ ነውና ፎርማት አድርጉ።» እዚህ አገር የተለመደው የሾርትከት ቫይረስ ብዙ ጊዜ ፋይሉን አያጠፋም፤ ይደብቀዋል። ፍላሹ ሙሉ እንደሆነ እያሳየ ውስጡ ባዶ ከሆነ ፋይላችሁ እዚያው አለ። የተደበቁና የሲስተም ፋይሎች እንዲታዩ አድርጉ፣ ገልብጡ፣ ሾርትከቶቹን አትንኩ። ከዚያ በኋላ ፎርማት ብታደርጉ አልቃወምም።

ቀጥሎ «ፋይላችሁን ዲ ድራይቭ ላይ አድርጉ፤ ያ ባክአፕ ይባላል» ይላሉ። ይሄ አባባል በጣም የተስፋፋ ስለሆነ በቀላሉ ላልፈው አልፈልግም። በአብዛኛው ኮምፒውተር ላይ ሲ እና ዲ አንድ ዲስክ ናቸው። አንድን ክፍል በመጋረጃ ሁለት ቦታ እንደመክፈል ነው። ቤቱ ከተቃጠለ መጋረጃው ምን ያደርጋል? ዲ የሚጠቅመው ዊንዶውሱ ሲበላሽ ብቻ ነው። ዲስኩ ሲሞት፣ ላፕቶፑ ሲሰረቅ፣ ፋይሎችን የሚቆልፍ ቫይረስ ሲገባ ሁለቱም አብረው ይሄዳሉ። ሦስት ቅጂ ይኑራችሁ፤ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፤ አንዱ ከቢሮው ውጭ። ከማሽኑ ውጭ የሚሰካው ኤክስተርናል ዲስክ ገልብጣችሁ ስትጨርሱ ይነቀል። እንደተሰካ የሚያድር ዲስክ ቫይረስም ያገኘዋል፣ የመብራት መናጋትም ያገኘዋል።

«ዲስክ ችግር ካሳየ ቼክዲስክን በሙሉ ጥገና አስነሡት፤ ራሱ ይጠግነዋል።» እዚህ ላይ ነው የደነገጥኩት። ቼክዲስክ የሚባለው የዊንዶውስ ዲስክ መመርመሪያ የሚያስተካክለው የፋይል አደረጃጀቱን ነው። መብራት በድንገት ሄዶ አደረጃጀቱ ከተዛባ ጥሩ መሣሪያ ነው። ዲስኩ በአካል እየሞተ ከሆነ ግን በሙሉ ጥገና ስታስነሡት እያንዳንዱን ቦታ ያነባል፤ የደከመውን ዲስክ ለሰዓታት ያስሮጠዋል፤ ሊያነበው ያልቻለውን ፋይል ደግሞ ከቦታው ቆርጦ ሊያወጣው ይችላል። ቅደም ተከተሉ መለወጥ አለበት። መጀመሪያ ስማርትን አንብቡ። ምልክት ካለ ዊንዶውሱን ዝጉና ማሽኑን ሊኑክስ የሚባለው ሌላ ሲስተም በተጫነበት ፍላሽ አስነሡ። ከዚያ ዲዲረስኪው በሚባለው ፕሮግራም ዲስኩን እንዳለ ወደ ሌላ ዲስክ ገልብጡት። እሱ መጀመሪያ በቀላሉ የሚነበበውን ይሰበስባል፤ አስቸጋሪውን ወደ መጨረሻ ይተወዋል። ጥገናውን በቅጂው ላይ ሞክሩ። ዲስኩ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ካወጣ ደግሞ ወዲያው አጥፉት፤ ምንም ፕሮግራም አይፈውሰውም።

አሁን ወደ ሰዓቱ ልምጣ። ጸሐፊው በአንድ መስመር ነው ያለፉት፦ «የማዘርቦርዷ ባትሪ ብትሞት ግድ የለም፤ ሰዓቱን በእጅ አስተካክሎ መቀጠል ይቻላል።» እኔ ግን ብዙ እላለሁ፤ ምክንያቱም በዚች ባትሪ የተነሣ ያለጥፋታቸው ፎርማት የተደረጉ ኮምፒውተሮች ብዛታቸው ያሳዝነኛል።

ባትሪዋ ሲአር2032 ትባላለች፤ 3 ቮልት ናት። መብራት በሌለበት ጊዜ ዴስክቶፕን ሰዓት የምታስቆጥረው እሷ ናት። መብራት በተደጋጋሚ በሚሄድበት ከተማ፣ ቢሮ ሲዘጋ ማከፋፈያው ሁሉ በሚጠፋበት ቦታ፣ ሥራው ሁሉ በእሷ ላይ ይወድቃል። ስትሞት ኮምፒውተሩ ሲነሣ ቀኑ ዓመታት ወደ ኋላ ይመለሳል። ያኔ ብራውዘሩ «ግንኙነቱ አስተማማኝ አይደለም» ማለት ይጀምራል። የዌብሳይቶች የደኅንነት ሰርተፊኬት ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን ተብሎ ነው የሚሰጠው። እ.ኤ.አ. ከመስከረም 2020 ወዲህ የተሰጠና ዕድሜው ከ398 ቀን ያለፈ ሰርተፊኬት ዋናዎቹ ብራውዘሮች አይቀበሉም። ስለዚህ ሰዓቱ በዓመታት ከተሳሳተ ሁሉም ሳይት ተያይዞ ይዘጋል። ሰውየው ቫይረስ ነው ይላል። ኔቱ ነው ይላል። ፎርማት ያደርጋል፤ ችግሩ ያው ነው።

«በእጅ ማስተካከል» የሚለው ምክር ደግሞ እኛ አገር የራሱ ጣጣ አለው። አንድ ቢሮ ተጠርቼ ሄጄ ነበር። ወጣት መሐንዲስ ነው፤ ሦስት ቀን ሙሉ ኢሜይሉ አልከፈት ብሎታል። ሰዓቱን አየሁት። ቀኑን በጥንቃቄ አስተካክሎታል፤ ግን በእኛ አቆጣጠር። 2017 ብሎ ሞልቶታል። ኮምፒውተሩ ይሄን የሚረዳው እንደ ፈረንጆቹ 2017 ነው። ሰባት ዓመት ወደ ኋላ ሄዷል ማለት ነው። ሰዓቱንም እንዲሁ ጠዋት 3 ሰዓት ሲሆን 3 ብለው የሚሞሉ አሉ፤ ኮምፒውተሩ ሌሊት 9 ሰዓት ይመስለዋል። ስድስት ሰዓት ተሳሳተ። በዶሜይን፣ ማለትም ሠራተኛው ሁሉ በአንድ ማዕከላዊ ሰርቨር በኩል በሚገባበት መሥሪያ ቤት ውስጥ ደግሞ ሰርቨሩ በተለመደው አሠራሩ ከ5 ደቂቃ በላይ ልዩነት አይታገስም። ፓስወርዱ ትክክል ሆኖ አላስገባም ይላል።

ዊንዶውስ ላይ የሰዓት ክልሉን ስትመርጡ አዲስ አበባን ዝርዝሩ ውስጥ አታገኙትም፤ ናይሮቢ የሚለውን ምረጡ፣ ሰዓታችን አንድ ነው። ከዚያ ሰዓቱን ከኢንተርኔት ራሱ እንዲያስተካክል አድርጉት። ባትሪዋን ለውጡ። ሌላም አንድ ነገር አለ፤ ባትሪዋ ስትሞት የባዮስ፣ ማለትም ማሽኑን የሚያስነሣው የማዘርቦርድ ፕሮግራም፣ ምርጫዎችም ፋብሪካው እንዳወጣቸው ይሆናሉ። የዲስኩ አሠራር ኤኤችሲአይ ከሚባለው ወደ ሌላ ሲቀየር ዊንዶውስ ሰማያዊ ስክሪን አሳይቶ አልነሣም ይላል። እሱም በፎርማት «ይታከማል»፤ ባዮስ ውስጥ አንድ መስመር መመለስ ግን ይበቃው ነበር።

«የዊንዶውስ አፕዴትን ለዘለዓለም ዝጉት፤ ኔት ይበላል።» ኔት እንደሚበላ አልክድም። ፓኬጅ በሜጋባይት ለሚገዛ ሰው ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ግን ዋናክራይን አስታውሱ። ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቀው ያ ትል ዓለምን የናጠው እ.ኤ.አ. ግንቦት 12 ቀን 2017 ነው። ማይክሮሶፍት ቀዳዳውን የሚደፍነውን አፕዴት ያወጣው መጋቢት 14 ነበር። ሁለት ወር ሊሞላ ሁለት ቀን ሲቀረው ማለት ነው። አፕዴቱ የገባለት ማሽን በዚያ ቀዳዳ አልተጠቃም። ኔት ለመቆጠብ ሌላ መንገድ አለ። ኮኔክሽኑን ሜተርድ፣ ማለትም በመጠን የሚከፈልበት፣ በሉት። አፕዴቱን እስከ አምስት ሳምንት ማቆየት ይቻላል። ብዙ ማሽን ያለበት ቢሮ ከሆነ ደግሞ ዴሊቨሪ ኦፕቲማይዜሽን የሚለውን ለቢሮው ኔትወርክ ክፈቱት፤ አንዱ ያወረደውን ሌሎቹ ከእሱ ይወስዳሉ።

ስለ መብራት «ዩፒኤስ ካላችሁ ስታቢላይዘርም ግራውንድም አያስፈልግም» ብለዋል። ክረምቱ ረጅም፣ መብረቁም ብዙ በሆነበት ጅማ ይሄ ምክር ዋጋ ያስከፍላል። ዩፒኤስ መብራት ሲሄድ ማሽኑን በባትሪ የሚያቆይ ነው፤ ርካሾቹ ግን መብራት እያለ የመጣውን ቮልቴጅ እንዳለ ነው የሚያሳልፉት። ሲወርድም ሲወጣም ኮምፒውተሩ ይቀምሰዋል። ላይን ኢንተራክቲቭ የሚባለው ዓይነት ግን ራሱ ያስተካክላል፤ ስትገዙ እሱን ጠይቁ። ግራውንዱን፣ ወደ መሬት የሚወርደውን መስመር፣ በተመለከተ፣ የኬዙን ብረት ስትነኩት ነዘር የሚያደርጋችሁ ከሆነ ግራውንድ የላችሁም። ድንገተኛ የቮልቴጅ ጭማሪን የሚከላከሉት ብዙዎቹ ሰርጅ መከላከያዎችም ትርፉን ጉልበት ወደ መሬት ነው መሸኘት ያለባቸው፤ መሬት ከሌለ የት ይሸኙት? የሶኬቱን ሦስተኛ እግር ሰብሮ መሰካት ይቅር። ኤሌክትሪሺያን ጠርታችሁ አሠሩት። ሌዘር ፕሪንተር ዩፒኤስ ላይ አትሰኩ፤ ቀለሙን የሚያቀልጠው ክፍል ሲግል የሚስበው ጉልበት ትንሽ ዩፒኤስን ያጨናንቃል። ሁለት ሕንፃን በኔትወርክ ገመድ ካገናኛችሁም በመዳብ ሳይሆን በፋይበር ይሁን። የመብረቅ ጉልበት በመዳቡ ገብቶ ሁለቱንም ስዊች ሲያቃጥል አይቻለሁ።

«ኔት ሲጠፋ ራውተሩን ሪሴት አድርጉ።» እባካችሁ ሪስታርት በሉ፣ ሪሴት አትበሉ! ሪስታርት አጥፍቶ ማብራት ነው። በመርፌ የምትነካው ቀዳዳ ግን ሪሴት ናት፤ የመስመሩን ዩዘርኔምና ፓስወርድ ጭምር ታጠፋለች። ከዚያ መስመሩን የሰጣችሁን ድርጅት ስትጠብቁ ነው የምትውሉት። ይልቅ በደረጃ ፈልጉ። የማሽኑን አድራሻ እዩ፤ በ169.254 ከጀመረ ከራውተሩ አድራሻ አላገኘም፤ ገመዱን ወይም ዋይፋዩን ተመልከቱ። አድራሻ ካለው ራውተሩን ፒንግ አድርጉ፤ ይመልስ እንደሆነ የምትጠይቁበት ትእዛዝ ነው። ከመለሰ ኢንተርኔት ላይ ያለውን የጉግል ሰርቨር፣ 8.8.8.8ን፣ ፒንግ አድርጉ። እሱም ከመለሰና ሳይት በስሙ ካልተከፈተ ችግሩ ብዙ ጊዜ ዲኤንኤስ፣ የሳይትን ስም ወደ ቁጥር የሚተረጉመው አገልግሎት፣ ነው።

ስለ ባዮስ አጭር ነው መልሴ። «ሁልጊዜ ወደ መጨረሻው አሳድጉ» ይላሉ። ምክንያት ካላችሁ አሳድጉ፤ የደኅንነት ቀዳዳ ካለ ወይም አዲስ ፕሮሰሰር ልትገጥሙ ከሆነ። መሐል ላይ መብራት ከሄደ ማዘርቦርዱ ሊሞት ይችላል፤ ዩፒኤሱን ወይም የላፕቶፑን ባትሪ ሳታዩ አትጀምሩ። ዲስኩ በቢትሎከር፣ በዊንዶውስ የዲስክ መቆለፊያ፣ የተቆለፈ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ ለጊዜው አቁሙት፤ 48 አሃዝ ያለውን መክፈቻ ቁልፍ ወረቀት ላይ ጻፉት። ያለዚያ ማሽኑ ቁልፉን ሲጠይቃችሁ መልስ የላችሁም።

አንድ ምክራቸውን ሙሉ በሙሉ እቀበላለሁ። «አዲስ ኮምፒውተር ከመግዛት በፊት ኤስኤስዲ ግጠሙ» ብለዋል። ልክ ናቸው። ኤስኤስዲ የሚሽከረከር ክፍል የሌለው ፈጣን ዲስክ ነው፤ በሃርድ ዲስክ የሚሠራን አሮጌ ማሽን እንደ እሱ የሚለውጠው ነገር የለም። የምጨምረው አንድ ነገር ነው። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 14 ቀን 2025 አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የሚባለውን የደኅንነት ክፍል ይፈልጋል፤ ከኢንቴል ወገን ከሆነ በጥቅሉ ከስምንተኛ ትውልድ በታች አይቀበልም። ስለዚህ ኤስኤስዲ ከመግዛታችሁ በፊት የፕሮሰሰሩን ትውልድ እዩ። አሮጌ ከሆነ ሊኑክስ ላይ ሥራችሁ ይሄድላችሁ እንደሆነ አንድ ሳምንት ሞክሩ።

ልጁ ትናንት ማታ ደወለልኝ። ፎርማት ሊያደርጋቸው ከነበሩት ስድስት ማሽኖች አራቱን አይቷል። ሁለቱ አቧራ ነበሩ። አንዱ ባትሪዋ ሞታ ቀኑ ተመልሷል። አራተኛው ላይ መለያ ቁጥር 197 ዜሮ አይደለም፤ የመዝገብ ቤቱ ማሽን ነው። ዛሬ ጠዋት ዳታውን መገልበጥ ጀምሯል። አዲሱ ዲስክ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ተልኳል፤ ገልብጦ ሲጨርስ ማሽኑን ያጠፋዋል፤ ዲስኩ እስኪደርስም ጠፍቶ ይቆያል።